ሕንጻ ሁለት ባለቤት አለው

ጥያቄው የመጣው ከጎንደር፣ ከማራኪ ሰፈር ነው። ጠያቂዋ መምህርት ናቸው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«እኔና ባለቤቴ አዘዞ 200 ካሬ ቦታ አለን። ዘንድሮ ቤት ልንጀምር ነው። ባለቤቴ ‹ለፈቃድ የሚሆን አንድ ፕላን ከተገኘ ይበቃል፤ ለአርክቴክት የምናወጣውን ብር ብረት እንግዛበት› ይላል። እኔ ልቤ አልተቀበለውም፤ ግን መልስ አጣሁ። እውነት ጥሩ ዲዛይን በከተማ ኑሮ ላይ ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል? ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ስለ ሕንጻ ውበት ማውራት ቅንጦት አይሆንም?»

እህቴ፣ ለጥያቄዎ አመሰግናለሁ። ባለቤትዎ ብረት ማስቀደማቸው አያስወቅሳቸውም። ቤት ከሁሉ በፊት መቆም አለበት። ግን ብረቱ የት እንደሚገባና ምን ያህል እንደሚወፍር የሚወስነውም ዲዛይኑ ነው። ስሌት የሌለው ሰው ወይ ፈርቶ ብረት ያበዛል፣ ወይ ደፍሮ ያሳንሳል። ሁለቱም ዋጋ ያስከፍላል። ይህን በዚህ ልለፈው። እኔን የያዘኝ የመጨረሻው ጥያቄዎ ነው። ስለዚህ ከውሃው ልጀምር።

ጎንደር በዓመት ከ1000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች። አብዛኛው የሚወርደው በክረምቱ ወራት ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 1 ሊትር ውሃ ነው። የእናንተ ጣሪያ 100 ካሬ ሜትር ቢሆን በዓመት ወደ 100 ሺህ ሊትር ይወርድበታል። የሚረጨውንና የሚተነውን አንድ አራተኛ እንቀንስ። 75 ሺህ ሊትር ይቀራል። ባለ 2000 ሊትር ሮቶ 37 ጊዜ ይሞላል ማለት ነው። ሁሉንም ማጠራቀም አይቻልም፤ ዝናቡ በጥቂት ወር ውስጥ ይመጣና ይሄዳል። ግን የክረምቱን የልብስ አጠባ፣ የመጸዳጃውንና የጽዳቱን ውሃ፣ ጥቅምት ላይ ደግሞ የጓሮውን አትክልት ይችላል።

ታዲያ ይህ ውሃ ዛሬ የት ይሄዳል? ከቆርቆሮው ጠርዝ ይወርዳል። ግቢው ከአጥር እስከ አጥር ሊሾ ስለሆነ አይሰርግም። በአጥሩ ሥር ሾልኮ ወደ ጎረቤት ይወጣል። ጎንደር ዳገት ላይ ያለች ከተማ ናት። ከላይ ያለው የለቀቀው ውሃ ከታች ያለውን ሰው ደጃፍ ይመታል። በክረምት ስንት ጎረቤት በዚህ ነገር እንደሚቀያየም እርስዎም ያውቁታል።

ይህን የሚፈታው ወረቀት ላይ የሚሠመር መስመር ነው። ጣሪያው ወደ የት ያዘንብላል? ስንት ቦታ ይሰበራል? አንድ ረጅም አሸንዳ ይበቃዋል ወይስ ስድስት አጫጭር ይፈልጋል? ሮቶው የት ይቆማል? ከኩሽናው ቧንቧ ከፍ ካለ ያለ ፓምፕ ይወርዳል። ዝቅ ካለ ደግሞ ፓምፕ ይገዛል፤ መብራት ሲጠፋም ውሃው አብሮ ይቆማል። ይህ ሁሉ መሠረት ሳይቆፈር ከታሰበ ወጪው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ቤቱ ካለቀ በኋላ ከታሰበ ግን ማፍረስ አለበት። ስለዚህ ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ከተማ ከሌላው የበለጠ ዲዛይን ያስፈልገዋል ባይ ነኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እኔ በሕንጻ ሥራ በቆየሁባቸው ዓመታት አንድ ነገር አምኛለሁ። ማንኛውም ሕንጻ ሁለት ባለቤት አለው። አንደኛው ካርታው በስሙ የሆነው ሰው ነው። ሁለተኛው በደጁ የሚያልፈው ነው። የመጀመሪያው ያዝዛል፣ ይከፍላል፣ ቁልፉን ይይዛል። ሁለተኛውን ማንም አይጠይቀውም። ግን ዕድሜ ልኩን ከዚያ ሕንጻ ጋር ይኖራል። መጥፎ ዲዛይን ሲሠራ ዋጋውን አብዝቶ የሚከፍለው ይህ ያልተጠየቀው ሰው ነው።

ያየሁትን ልንገርዎት። ሐምሌ ላይ ነው፤ ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ። ከፒያሳ ወደ ታች እየወረድኩ ዝናቡ ድንገት ዱብ አለ። መንገዱ ላይ ሁለት ሕንጻዎች ጎን ለጎን አሉ። አንዱ አሮጌ ነው። ቀለሙ ለቋል። ከበሩ በላይ ግን አንድ ሜትር ተኩል ያህል ወደ መንገዱ የወጣች የአርማታ ጥላ አለችው። ሁለተኛው አዲስ ነው፤ ከታች እስከ ላይ መስታወት። ፊቱ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ምንም የወጣ ነገር የለውም። ሁላችንም የሮጥነው ወደ አሮጌው ነው። ቆሜ ቆጠርኩ፤ 19 ሰው። ልጅ ያዘለች እናት፣ ዩኒፎርም የለበሱ ተማሪዎች፣ ሳጥኑን ያቀፈ ሊስትሮ፣ ጋቢያቸውን ራሳቸው ላይ የጣሉ አንድ ሽማግሌ፣ ቆሎ የምትሸጥ ልጅ። ሩብ ሰዓት ቆየን። ቆሎ ተሸጠ። ሽማግሌው ለተማሪዎቹ ስለ ድሮው ፒያሳ አወሩላቸው። ባለሱቁ ለእናትየዋ በርጩማ አወጣላት። በአዲሱ ሕንጻ ፊት አንድም ሰው አልነበረም። ለመቆም የሚሆን ቦታ የለማ!

ያችን ጥላ ያወጣው ሰው እነዚያን 19 ሰዎች አያውቃቸውም። ግን አስቧቸዋል። የከተማ ኑሮ ጥራት የሚባለው ነገር ለእኔ እዚያች ላይ ነው ያለው። ያች የአርማታ ጥላ ከመስታወቱ ጋር ስትነጻጸር ወጪዋ ኢምንት ነው።

ያው መስታወት በበጋ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋን ተቀብሎ ማዶ ያሉት ላይ ይመልሰዋል። ማዶ ጉሊት የሚቸረችሩ እናቶች ከ9 ሰዓት በኋላ ቲማቲማቸውን ሰብስበው ቦታ ሲቀይሩ አይቻለሁ። ውስጥ ያሉት ሠራተኞችም አልተመቻቸውም፤ መጋረጃ ዘግተው፣ መብራት አብርተው፣ ቬንትሌተር ከፍተው ነው የሚውሉት። ብርሃን ለማግኘት የተገዛ መስታወት በጠራራ ፀሐይ አምፖል ያስበራል።

እንዲህ ስል ጎንደር ይህን የማታውቅ ከተማ ናት ማለቴ አይደለም። እንዲያውም ያሳዝነኛል፤ ቀድማ ታውቀው ስለነበር። ፋሲል ግቢን ሁላችንም ለእንግዳ እናስጎበኛለን። ሰው ሁሉ አንገቱን ቀና አድርጎ የሚያየው የአፄ ፋሲለደስን ግንብ ነው፤ አራቱን ክብ ማማዎች። ይገባዋል። እኔ ግን ሁልጊዜ የምቆመው በሮቹ ላይ ነው። የቅጥሩ ዙሪያ 900 ሜትር ያህል ነው፤ 12 በር አለው። በሮቹ ደግሞ ስም አላቸው። ወንበር በር የዳኞች ነው። እምቢልታ በር የሙዚቀኞች ነው። ተዝካሮ በር አለ፤ ባልደራስ በር አለ። ማን በምን ጉዳይ፣ በየት በኩል እንደሚገባ ታስቦ ነው የተሠራው። ፊት በር ደግሞ ወደ ጃንተከል አደባባይ ያወጣል። የጃንተከል ዋርካ ሥር ዛሬም ሰው ይቀመጣል፣ ይቀጣጠራል፣ ያርፋል። ንጉሥ ለራሱ ግንብ ሲሠራ ደጁን ለሕዝብ አደባባይ አድርጎ ተወው። ሁለተኛው ባለቤት አልተረሳም።

የፋሲል መዋኛም እንዲሁ ነው። ዓመቱን ሙሉ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ ውሃ ይገባበትና አገር ይሞላበታል። በመቶዎች ዓመታት ውስጥ አጥሩን የያዙት የዛፎቹ ሥሮች ራሳቸው የግንቡ አካል ሆነዋል። ጥላው፣ ውሃው፣ ሰው ዙሪያውን የሚቆምበት ቦታ፣ ሁሉም ልኩን ይዟል። ብዙ ሕዝብ በአንድ ቦታ ቆሞ አንድ ነገር እንዲያይ ማድረግ ከባድ ሥራ ነው። ዛሬ ስታዲየም ስንሠራ የምንቸገርበትን እነሱ በድንጋይና በኖራ ሠርተውታል።

ፒያሳን ደግሞ ሳላነሳ ባልፍ ሐቀኛ አልሆንም። በጣሊያን ዘመን የከተማዋን ፕላን ያወጣው ጌራርዶ ቦዚዮ የተባለ የፍሎረንስ አርክቴክት ነው። እነዚያ ሕንጻዎች በእግር ለሚሄድ ሰው ይመቻሉ። ቁመታቸው መጠነኛ ነው። ሱቁ በቀጥታ ወደ እግረኛው ይከፈታል። ፎቁ ላይ ያለው ሰው ታች ያለውን መጥራት ይችላል። ግን ፕላኑ የወጣው ነጩንና ጥቁሩን ሰፈር ለመለየት ነበር። ጥሩ ጥሩው ቦታ ለወራሪው፣ የተረፈው ለባለአገሩ። ይህን የማነሳው በምክንያት ነው። አርክቴክት ጎበዝ መሆኑ ብቻ አይበቃም። «ለማን?» የሚለው ጥያቄ በተሳሳተ ጊዜ ጉብዝናው ራሱ ግፍ ይሆናል። እኛ ፒያሳን ወርሰን የሁላችን አድርገነዋል። ከአወጣጡ ክፋቱን ትተን የእግረኛውን ነገር ብንማር መልካም ነበር።

አሁን ቤተሰቤ ላይ ስለደረሰ ነገር ልናገር። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ አገልግሎት መስጫ ቢሮ አለ። እናቴ እድሜያቸው ከ70 አልፏል። ለአንድ ፊርማ ሄደው ከመግቢያው ደረጃ ላይ ወደቁ፤ የእጃቸው አንጓ ተሰበረ። ሰው «እርጅና ነው» አለ። እሳቸውም «አላየሁም ነበር» ብለው ራሳቸውን ወቀሱ። በሳምንቱ ሜትሬን ይዤ ሄድኩ። የመጀመሪያው እርከን 15 ሴንቲ ሜትር። ሁለተኛው 15። ሦስተኛው 15። አራተኛው 19። እግር ብልህ ነው። ሁለት እርከን ከወጣ በኋላ ልኩን ይይዛል፤ ከዚያ ሳያይ ነው የሚረግጠው። አራተኛው ላይ ከዳቸው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ደረጃው ከተለካ በኋላ ከላይ ሴራሚክ ተነጠፈና የተረፈው ልዩነት ሁሉ የመጨረሻው እርከን ላይ ተጣለ።

እናቴ ጥፋት የለባቸውም። የወደቁት ወረቀት ላይ ባልተሠራ ሒሳብ ነው። የደረጃ ሒሳብ እኮ ከድሮ ጀምሮ የታወቀ ነው። የእርከኑን ከፍታ ሁለት ጊዜ፣ የመርገጫውን ስፋት አንድ ጊዜ ደምሩ። ከ60 እስከ 64 ሴንቲ ሜትር መምጣት አለበት። 16 ከፍታ፣ 30 መርገጫ፤ 62 መጣ። ሰው ሳይደክም ይወጣዋል። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ሁሉም እርከን እኩል መሆኑ ነው። በዊልቸር ለሚሄድ፣ ጋሪ ለምትገፋ እናት ደግሞ ራምፕ ያስፈልጋል። 1 ሜትር ከፍታ ለመውጣት 12 ሜትር ርዝመት ይፈልጋል። ብዙ ቦታ የማየው ግን ‹ራምፕ አለን› ለማለት የተለጠፈ፣ ጤነኛ ሰው እንኳ የሚንሸራተትበት ሽቅብ ነው። የሕዝብ አገልግሎት የሚሰጥ ሕንጻ ለአካል ጉዳተኞች እንዲመች ማድረግ በ2001 ዓ.ም. በወጣው የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ላይ ተጽፏል። የጎደለው የሚያስብበት ሰው ነው።

ጤና ካነሳን አይቀር፣ ጎንደር የሐኪም ከተማ ናት። የሕዝብ ጤና ኮሌጁ እዚህ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። ስለዚህ ይህ ነገር ለጎንደሬ አዲስ አይሆንበትም። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አንድ ጥናት በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ የሆስፒታል ክፍሎችን አየር ለክቶ ነበር። የሳንባ ነቀርሳ በአየር ነው የሚተላለፈው፤ የታፈነ ክፍል ደግሞ ይመቸዋል። ውጤቱ ምን ሆነ መሰልዎት? ጣሪያቸው ከፍ ያለ፣ መስኮታቸው ትልቅና በሁለት በኩል የሚከፈት አሮጌዎቹ ክፍሎች ከአዲሶቹ የተሻለ አየር ነበራቸው። በማሽን አየር ከሚገፋላቸው ክፍሎች ሳይቀር በለጡ። መስኮቱን መክፈት ብቻ በቂ ነበር።

ከዚህ በኋላ ክሊኒክ ስገባ የማየው ተራ መጠበቂያውን ነው። ብዙ ጊዜ ኮሪደር ነው። መስኮት የለውም፤ ካለውም በአንድ በኩል ነው። ሠላሳ ሰው ተጨናንቆ ይስላል። ያንን ተራ መጠበቂያ ወደ ግቢው አውጥቶ፣ ጥላ አልብሶ፣ አግዳሚ ማድረግ ይቻል ነበር። የጎንደር አየር ለዚህ የተመቸ ነው። ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላም ጥናት አለ፤ ሮጀር አልሪች የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጣው። ከሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና በኋላ በመስኮታቸው ዛፍ የሚታያቸው ሕሙማን የግንብ ግድግዳ ከሚታያቸው ቀድመው ከሆስፒታል ወጡ፤ የወሰዱት ጠንካራ ማስታገሻም ያነሰ ነበር። ዛፍና መስኮት! የኛ ሰው በደብሩ ዙሪያ ዛፍ ጠብቆ ያቆየው ያለ ነገር አይደለም።

እርስዎ መምህርት ስለሆኑ ደግሞ ስለ ክፍል ላንሳ። ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ባይኖርም ሰኔና መስከረም ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው ምን እንደሚሆን እርስዎ ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል። ድምፅዎ ይጠፋል። «በዝምታ አንብቡ» ብሎ መጠበቅ ነው። በበጋ ደግሞ ያው ቆርቆሮ ምድጃ ይሆናል። ቡርኪና ፋሶ ውስጥ ጋንዶ የምትባል መንደር አለች። ስሟ ከኛ ከተማ ስም ጋር መቀራረቡ ሁልጊዜ ይገርመኛል። የመንደሯ ልጅ ፍራንሲስ ኬሬ አርክቴክቸር እየተማረ ለመንደሩ ትምህርት ቤት ነደፈ። ሥራው በ2001 እ.ኤ.አ. አለቀ። ሕዝቡ ራሱ ነው የሠራው። ግድግዳው የተጠቀጠቀ ሸክላ አፈር ነው። ጣሪያው ያው ቆርቆሮ ነው። ግን ቆርቆሮውን ከኮርኒሱ ከፍ አድርጎ በቀጭን ብረት አቆመው። በመካከል ነፋስ ያልፋል። ሙቀቱ ክፍሉ ውስጥ ሳይገባ ይሄዳል። ቆርቆሮው ረዝሞ ስለወጣ ግድግዳውን ከዝናብ ይጠብቃል፤ ለልጆቹም ጥላ ይሆናል። ኬሬ እ.ኤ.አ. በ2022 በአርክቴክቸር ትልቁ የሚባለውን የፕሪትዝከርን ሽልማት አገኘ፤ ከአፍሪካ የመጀመሪያው ነው። ሽልማቱን እርሱት። እኔ የምለው፣ ቁሱ እኛም ያለን ቁስ ነው። አፈርና ቆርቆሮ።

ቅንጦት ነው ላሉት መልሴ ይኸው ነው። ከላይ የዘረዘርኳቸው ነገሮች አብዛኞቹ ገንዘብ አይጨምሩም። እኩል እርከን ከእኩል ያልሆነ እርከን አይወደድም። መስኮት በሰሜን ቢሆን በምዕራብ ያው አንድ መስኮት ነው። ለድሀ ከተማ ጥሩ ዲዛይን የሚያስፈልጋት ስህተቷን የምታፈርስበት ገንዘብ ስለሌላት ነው። ሀብታም ከተማ ተሳስቶ ያፈርሳል። እኛ ከተሳሳትን ከስህተቱ ጋር 50 ዓመት እንኖራለን።

እንግዲህ ወደ 200 ካሬያችሁ።

የመጀመሪያው ነገር አቅጣጫ ነው። በኛ አገር ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ በታኅሣሥ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ በሰኔ ደግሞ ከአናታችን ትንሽ ወደ ሰሜን ታልፋለች። ሁለቱንም በመጠነኛ የጣሪያ ጥላ መቆጣጠር ይቻላል። የምዕራቧ ፀሐይ ግን ዝቅ ብላ ስለምትገባ ጥላ አይመልሳትም። ስለዚህ ትልልቆቹን መስኮቶች በሰሜንና በደቡብ አድርጉ። ምዕራቡን ለመጸዳጃ፣ ለዕቃ ቤት ወይም ለደረጃ ስጡት። ልጆች የሚያጠኑበት ክፍል የደቡብ መስኮት ካለው በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ፀሐይ ትገባለታለች።

ሁለተኛ፣ ትልቁን ሳሎን ተዉት። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ በዚህ ላይ ዝም ማለት አልችልም። ከቤቱ ግማሹን ለሳሎን እንሰጥና በፋሲካና በልደት እንገባበታለን። ልጆቹ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ተደራርበው ያጠናሉ። ሳሎኑን በሁለት ሜትር አሳንሱት። ያንን ሁለት ሜትር በረንዳ አድርጉት። ቡናው እዚያ ይፈላል፤ እንግዳውም ቢሆን እዚያ መቀመጥ ይወዳል።

ሦስተኛ፣ ግቢውን በአገልግሎት ክፍል አትሙሉት። እንጀራ የሚጋገርበት ቦታ ጭሱ ወደ ማን እንደሚሄድ አስቡ፤ የእናንተን መኝታ ብቻ ሳይሆን የጎረቤትን መስኮት። ደስታም ይሁን ሐዘን ድንኳን የሚጣልበት ባዶ መሬት ይኑር። ኮንዶሚኒየሞች ሲነደፉ እንኳ ለዚህ ብሎ የጋራ ቤት ታስቦ ነበር፤ እንጀራ መጋገሪያ፣ በግ ማረጃ፣ ለቅሶ መቀመጫ። አንዳንድ ቦታ ለሌላ ነገር ቢውልም ሐሳቡ የኛን ኑሮ የሚያውቅ ሰው ሐሳብ ነው።

አራተኛው አጥሩ ነው። ሦስት ሜትር ግንብ አውጥቶ ጫፉ ላይ ጠርሙስ መሰካት ልማድ ሆኗል። ሁለቱም ወገን እንዲህ ሲያደርግ መካከል ያለችው መንገድ ጉድጓድ ትሆናለች። ማታ ከትምህርት የምትመለስ ልጅ በዚያ ስታልፍ የሚያያት ዓይን የለም፤ ብትጮህም አይሰማም። ከፎቁም ይሁን ከበረንዳው አንድ መስኮት ወደ መንገዱ ይኑራችሁ። በሩ አጠገብ አንዲት አምፖል፣ ከአጥሩ ሥር አንዲት የድንጋይ መቀመጫ፣ ከላዩ ትንሽ ጥላ። ዳገት ወጥተው የደከሙ አንዲት እናት ያርፉባታል። ካርታው ላይ ስማቸው የለም፤ ግን እሳቸውም የዚያ ቤት ባለቤት ናቸው።

አርክቴክት ስትቀጥሩ ደግሞ ሥዕሉን ብቻ አትዩ። ቦታውን ሳያይ ፕላን ልሥራላችሁ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ። ቀድሞ የሠራው ቤት ካለ ሄዳችሁ የቤቱን እመቤት ጠይቁ፤ ኩሽናው እንዴት ነው በሏት።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ሥራ ልስጣችሁ። በዚህ ቅዳሜ ከባለቤትዎ ጋር አዘዞ ሂዱ። አንድ ረጅም የባሕር ዛፍ እንጨት ቦታው መካከል ትከሉ። ጠዋት 3 ሰዓት፣ እኩለ ቀን፣ ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ጥላው የወደቀበት ጠጠር አስቀምጡ። ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ፣ መሬቱ ወደ የት እንደሚያዘነብል፣ ባለፈው ክረምት ጎርፉ በየት እንዳለፈ ጎረቤት ጠይቁ። ሁሉንም በደብተር ጻፉና ላኩልኝ። እኔ ከዚያ ተነስቼ ጣሪያው ወደ የት ማዘንበል እንዳለበትና ሮቶው የት ቢቆም እንደሚሻል እጽፍላችኋለሁ።